በሰው አገር የተደገሰ ተዝካር

በአገራችን ልማድ ኀዘን የገባበት ቤት በሩ አይዘጋም። ሰው መሞቱ በተሰማ ጊዜ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ የዕድር ዕቃ ይወጣል፤ ሴቶች እንጀራውንና ንፍሮውን ይዘው ይገባሉ፤ ኀዘንተኛዋም እሳት ሳታነድ ብዙ ቀን ትሰነብታለች። ይኸን ሁሉ በአገሬ ሳለሁ እንደ ተራ ነገር እቆጥረው ነበር እንጂ ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት በሰው አገር ተቀምጬ እናቴ በሞተችብኝ ጊዜ ነው። ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ገጽ የምጽፈው ስለ አንድ የቻይና ምግብ አሠራር ነው፤ ነገር ግን የምግቡን ነገር ከኀዘኔ ለይቼ ለመንገር አልችልምና ሁለቱን አንድ አድርጌ እንዳወራ አንባብያን ይፍቀዱልኝ።

ባለቤቴ ነጋዴ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ካንቶን ትባል በነበረችው በጓንግዡ ከተማ ጥቂት ዓመታት ተቀምጠናል። ከተማይቱ በደቡብ ቻይና በዕንቁ ወንዝ ዳር ያለች ታላቅ የንግድ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስለሚበር፣ ሽያኦበይ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው ዕቃ ለመግዛት ከሚመላለሱት አፍሪካውያን መካከል የአገራችን ሰዎች አይጠፉም። እኛ የተከራየነው ቤት ግን ከዚያ ሰፈር ራቅ ብሎ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ቻይናውያን በሆኑበት ፎቅ ላይ ነበረ። ከግድግዳችን ማዶ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰው ሁሉ «ፖ ፖ» እያለ ይጠራቸዋል፤ በካንቶን ሰዎች ቋንቋ የእናት እናት ማለት ነው። እኔም እንደ ሌላው ሰው ፖ ፖ እላቸው ነበር፤ ሆኖም ከሰላምታ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ዘመኑ 2008 ዓመተ ምሕረት ነው። የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዚያ ዓመት ጥር 30 ቀን ዋለ። ከተማው ሁሉ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሎበት፣ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ ነበር። የካቲት 2 ቀን ገና ሳይነጋ የቤታችን በር ተመታ። ባለቤቴ ሲከፍት ሁለት የአገራችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አየሁ። በአገራችን በንጋት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አንዳች ሳይናገሩ ዐወቅሁ። እናቴ የካቲት 1 ቀን ዐርፋ ኖሮ፣ ባለቤቴ በሌሊት በስልክ ሰምቶ፣ መርዶውን ብቻውን እንዳይነግረኝ ብሎ ሰዎቹን ጠርቷቸው ነው።

ወደ አገሬ ለመሄድ አልቻልሁም። የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ፓስፖርቴን ለመሥሪያ ቤት አስገብቼ ነበርና የበዓሉ ሰባት ቀን እስኪያልፍ የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ቀብሩ ደግሞ በማግሥቱ ተፈጸመ። ከዚህ ሁሉ የከበደብኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ድምፄን አሰምቼ ማልቀስ አለመቻሌ ነው። በዚያ አገር በአዲስ ዓመት ሞትን ማንሣት እንኳ ክፉ ምልክት ነው፤ ኀዘን ያለበትም ሰው በበዓሉ ወደ ሰው ቤት አይሄድም። ይኸን ስለማውቅ በጎረቤቶቼ በዓል ላይ ዋይታ እንዳላመጣባቸው ብዬ ነጠላዬን በአፌ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ሽማግሌዎቹ እስከ ረፋድ ተቀምጠው ሄዱ። ባለቤቴም ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለመላክ ሲወጣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

በዚያው ቀን ወደ ማታ በሩ እንደ ገና ተመታ። ፖ ፖ ነበሩ። ቀኑ የአዲስ ዓመታቸው ሦስተኛ ቀን ነው፤ በካንቶን ሰዎች ልማድ ያ ቀን ጠብ የሚነሣበት ነው ተብሎ ወደ ሰው ቤት አይኬድበትም። እርሳቸው ግን ኀዘን ወዳለበት ቤት፣ ባይሄዱ በሚሻላቸው ቀን፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ የሩዝ ገንፎ በድስት ይዘው መጡ። ገንፎውን አስቀምጠው ከኪሳቸው አንዲት ከረሜላ አወጡና በእጄ አስጨበጡኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በእነርሱ ዘንድ ቀብር ለመጣ ሰው ምሬቱን እንዲያጣፍጥለት ከረሜላ መስጠት ልማድ ነው። እኔ የገበያ ቻይንኛ ብቻ የማውቅ ስለ ሆንሁ «እናቴ» ከማለት በቀር የምናገረው አልነበረኝም። እርሳቸውም ጣታቸውን እያጠፉ እስከ ሰባት ቆጠሩ። በእነርሱ ልማድ ከሞት በኋላ በየሰባቱ ቀን እየተቆጠረ እስከ አርባ ዘጠኝ ቀን መታሰቢያ ይደረጋል። እኔም በጣቶቼ ሣልስቱን፣ ሰባቱን፣ ዐሥራ ሁለቱን፣ ሠላሳውን፣ አርባውን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሙታን ቀን የሚቆጥር ሕዝብ ለሙታን ቀን የሚቆጥረውን ሕዝብ ለመረዳት ብዙ ቋንቋ አያስፈልገውም።

አርባው መጋቢት 10 ቀን ነበረ። የጸሎቱንና የፍትሐቱን ነገር ወንድሞቼ በአገር ቤት ያዙ። እኔ ግን በከተማው ያሉትን የአገሬን ሰዎች ጠርቼ በእናቴ ስም ላበላ ቈረጥሁ። ሰዎቹ ሲቈጠሩ አርባ ያህል ሆኑ። ለአርባ ሰው የሚበቃ ጤፍ በቤቴ አልነበረም፤ ከእናቴ እጅ የቀረኝም አንዲት ትንሽ ከረጢት በርበሬ ብቻ ነበረች። ደልዛ፣ ፈጭታ፣ በመንገደኛ የላከችልኝ ነው። ያን በርበሬ ከመርዶው ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፤ ቢያልቅ የሚተካው እንደሌለ ዐውቃለሁና በልብስ ሣጥኔ ውስጥ ሸሽጌው ነበር። ባለቤቴ ምግቡን ከምግብ ቤት እንግዛ አለኝ። እኔም ተዝካር በገንዘብ አይገዛም ብዬ እንቢ አልሁ፤ ነገር ግን የምሠራውን አላውቅም ነበር።

የምሠራውን ያገኘሁት የካቲት 30 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ፖ ፖ በሰሃን አምስት ነጫጭ፣ ውስጣቸው በስሱ የሚታይ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፉ ምግቦች አመጡልኝ። ሥጋ እንዳለበት በምልክት ብጠይቃቸው ሣቁና የለም አሉኝ። ያ ቀን የጨረቃ ወራቸው መባቻ ነው፤ ቡድሃን ከሚያከብሩት ብዙዎቹ በጨረቃ ወር በመጀመሪያውና በዐሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋ ይከለከላሉ። እንግዲያው እርሳቸውም ጾመኛ ነበሩ።

ስለዚህ ምግብ ጥቂት ላስረዳ። የካንቶን ሰዎች ማለዳ ወደ ሻይ ቤት ሄደው ሻይ እየጠጡ ልዩ ልዩ ትንንሽ ምግብ ይበላሉ፤ ይኸንም «ያም ቻ»፣ ሻይ መጠጣት ይሉታል። ትንንሾቹ ምግቦች በጅምላ «ዲም ሳም» ይባላሉ፤ ቃሉ ሲተረጐም ልብን መንካት ማለት ነው። ዓይነታቸው እጅግ ብዙ ነው። ከሁሉ የታወቀው «ሃ ጋው» የሚባለው፣ ስሱ ነጭ ልብስ የለበሰ የሽሪምፕ ምግብ ነው፤ ይኸም በ1920ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በዚያው ከተማ በወንዝ ዳር ባለ መንደር እንደ ተጀመረ ይነገራል። «ሲው ማይ» አፉ ክፍት ሆኖ በአሳማ ሥጋ ይሞላል፤ «ቻ ሲው ባው» የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በሆዱ የያዘ ለስላሳ ዳቦ ነው። ሳምቡሳ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ይኸ በዘይት አለመጠበሱ፣ በእንፋሎት መብሰሉ ነው። አሳማም፣ ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የባሕር ፍጥረትም ለእኛ ያልተፈቀደ ስለ ሆነ፣ በዚያ አገር ስኖር ከዚህ ምግብ ርቄ ነበር። የጾም ዓይነት እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቀምሼ ሳበቃ ለእናቴ አርባ ይኸን እሠራለሁ አልሁ።

እንግዲህ ጥፋቴ ይጀምራል። አሠራሩን ፖ ፖ አንድ ጊዜ አሳዩኝ፤ እኔም የገባኝ መሰለኝ። መጋቢት 5 ቀን ማንንም ሳልጠራ፣ ለባለቤቴም ሳልነግር፣ ብቻዬን ጀመርሁ። እናቴ ድግስ ስትደግስ ሁሉን በእጇ የምትወጣ ይመስለኝ ነበርና እንደ እርስዋ ልሆን ፈለግሁ። ውሃውን በማንቆርቆሪያ አፍልቼ ሌላ ሥራ ስሠራ ጥቂት በረደ፤ ዱቄቱ ላይ ባፈስሰው እንደ አሸዋ ፈረሰ። ውሃ ጨመርሁበት፤ ከእጄ ተጣበቀ። በግድ ያዳመጥሁት ሁሉ ሲታጠፍ ተቀደደ። አርባ ያህል ካበላሸሁ በኋላ ከወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ያለቀስሁት ግን ለሊጡ አልነበረም። የተበላሸውን በከረጢት አድርጌ ለመጣል ስወጣ ፖ ፖ በደረጃው ላይ አገኙኝ። ከረጢቱን ከፍተው አዩ። «ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» አሉ። «አርባ» አልሁ። «ስንት እጅ አለ?» አሉ። ሁለቱን እጆቼን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አሮጊቷም እጆቼን ይዘው ወደ ታች አወረዷቸውና ራሳቸውን ወዘወዙ።

በዚያን ማታ ነገሩን ለባለቤቴ ነገርሁት። እርሱም ለሦስት የአገራችን ሴቶች ነገረ፤ አንዲቱ ነጋዴ፣ ሁለቱ ተማሪዎች ነበሩ። ፖ ፖ ደግሞ አንዲት ባልንጀራቸውን ይዘው ሊመጡ ቃል ሰጡ። እንዲህ ስድስት ሴቶች፣ ዐሥራ ሁለት እጅ ሆንን።

አሁን አሠራሩን እጽፋለሁ፤ መጠኑ ለሦስት መቶ ፍሬ ነው። ውስጡ የሚገባው በዋዜማው ይዘጋጃል። 300 ግራም የደረቀ እንጉዳይና 80 ግራም ያህል የእንጨት ጆሮ የሚባለው ጥቁር እንጉዳይ ለየብቻቸው በውሃ ተነክረው ያድራሉ። በነጋው ተጨምቀው፣ ከ1 ኪሎ ካሮት፣ ከ1 ኪሎ የቀርከሃ ቡቃያና ከአኩሪ አተር ከሚሠራው አይብ መሳይ ምግብ ከግማሽ ኪሎ ጋር እንደ ምስር ፍሬ ደቅቀው ይከተፋሉ። በለውዝ ዘይት፣ በዝንጅብል፣ በጨውና በነጭ ቁንዶ በርበሬ በብረት ድስት ላይ ቶሎ ቶሎ እየታመሱ ከበሰሉ በኋላ ጥቂት የአኩሪ አተር ጨዋማ ውሃና የሰሊጥ ዘይት ይጨመርባቸዋል። መጨረሻ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ጥቂት ስታርች ገብቶ ውሃውን ያያይዘዋል። ከዚያ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ ትኩስ ከሆነ ስሱን ልብስ ይቀደዋል።

እኔ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ላጥ ላጥ ማድረግ ጀምሬ ነበር። ፖ ፖ እጄን ያዙኝ። በእነርሱ ጾም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይከለከላል። ያለ ሽንኩርት ወጥ የማይታሰብበት አገር ልጅ መሆኔን ለማስረዳት ብሞክር አልሰሙኝም፤ ጾም ጾም ነው አሉኝ። እኔም ጾምን የሚያከብርን ሰው መከራከር ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ሽንኩርቱን አነሣሁ።

ልብሱ የሚሠራው በዕለቱ ነው፤ ካደረ ደርቆ ይሰነጠቃልና። የሚፈለገው ተራ የስንዴ ዱቄት አይደለም፤ ከስንዴው ዱቄት ላስቲክ መሳዩ ነገር በውሃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነጭ ስታርች ነው። ሲበስል እንደ መስተዋት ውስጡን የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። 1 ኪሎ ከ200 ግራም የስንዴ ስታርች ከ300 ግራም የካሳቫ ስታርችና ከጥቂት ጨው ጋር ተቀላቅሎ በአራት ይከፈላል፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ያቦካ ሰው ግማሹ ይደርቅበታል። ለያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሊትር የማይሞላ ውሃ ይፈላል። ውሃው ከእሳት ላይ ሲወርድ ገና እየተንፈቀፈቀ ባንድ ጊዜ ይፈስስበታል፤ ምስጢሩ ሁሉ ይኸ ነው። ስታርቹን የሚያበስለውና የሚያያይዘው የውሃው ግለት ነው፤ የእኔ ሊጥ የፈረሰው ውሃው ከመፍላት ወርዶ ስለ ነበር ነው። በማንኪያ ተማስሎ፣ ተከድኖ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ አንድ ማንኪያ የለውዝ ዘይት ተጨምሮበት፣ እጅ እያቃጠለ ይታሻል። ሲለሰልስ እንደ ዘንግ ተድቦልቡሎ እያንዳንዱ 11 ግራም ያህል እየሆነ ይቈረጣል፤ የተቈረጠውም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ከዚያ ሰፊ ቢላዋ በዘይት ታሽቶ፣ ድቡልቡሉ ላይ ጠፍጣፋ ጎኑ ተጭኖ ሲዞር፣ ክብና ስስ ልብስ ይወጣል።

ማጠፉ ከሁሉ ይልቅ ጥበብ ይፈልጋል። በልብሱ መካከል አንድ የሻይ ማንኪያ ይደረግና አንዱ ወገን እንደ ቀሚስ እየተሸነሸነ ከሌላው ጋር ይያያዛል። ብልኀተኞች ዐሥርና ከዚያም በላይ ሽንሽን ያወጣሉ፤ ከሰባት ግን ማነስ የለበትም ይላሉ። ፖ ፖ ሲሸነሽኑ ጣቶቻቸው አይታዩም። እኛ ኢትዮጵያውያቱ መጀመሪያ አራት፣ ኋላ አምስት፣ መጨረሻ ላይ ሰባት ለማውጣት ቻልን። አንዲቱ ተማሪ የሠራችው ሁሉ የተኛ ድመት ይመስል ስለ ነበር ብዙ ሣቅን፤ ከመርዶው ወዲህ የሣቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው በደቂቃ አንድ ቢያጥፍ ሦስት መቶውን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በዚያም መካከል የመጀመሪያው ደርቆ ይሰነጠቃል። ስድስት ሰው ግን፣ እጁ የዘገየ እንኳ ቢሆን፣ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ይኸ ምግብ በብዛት ሲሠራ ከጥንት ጀምሮ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ይኸን ሳስብ የእናቴ ዳቦ ቆሎ ትዝ አለኝ። እርስዋም ዳቦ ቆሎ በምትሠራበት ቀን የጎረቤት ሴቶችንና ልጆችን ሁሉ በሰፌድ ዙሪያ ታስቀምጥ ነበር፤ አንዱ ሊጡን ያድቦለብላል፣ ሌላው ይቈርጣል፣ ሌላው ያምሳል። ሁሉን ብቻዋን የምትወጣ የመሰለኝ እኔ ልጅ ስለ ነበርሁ ነው። ብቻዋን ሠርታ አታውቅም።

ስናጥፍ ነጋዴዋ «እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። በአርባ ቀን ውስጥ ይኸን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎኝ ነበር እንጂ። እጄ ሥራ ይዞ ስለ ነበር አንደበቴ ቀለለኝና ተናገርሁ። እናቴ ጎረቤት ሲሞትበት ለልቅሶ ስትሄድ፣ ከሣልስቱ በኋላ በሰፌድ ምስር ይዛ ትሄድ ነበር። ምስሩንም በኀዘንተኛዋ ጭን ላይ አስቀምጣ «እስቲ ልቀሚልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» ትላት ነበር። ዓይኗ ደኅና ነበረ። አንድ ቀን ስለ ምን እንደምትዋሽ ብጠይቃት «እጅ ሥራ ሲፈታ ልብ ራሱን ይበላል» አለችኝ። ይኸን በቻይንኛ እንደ ምንም አድርጌ ለፖ ፖ አስረዳኋቸው። ሳይመልሱልኝ ያልታጠፉትን ልብሶች ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

የምናበስልበት ዕቃ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ታቹ እንደ ወንፊት ክፍት የሆነ፣ ክዳን ያለው ሙዳይ መሳይ ነው፤ ሦስቱ ባንድ ድስት ላይ ይደራረባሉ። በያንዳንዱ ውስጥ የጎመን ቅጠል ተነጥፎ፣ እንዳይነካኩ ተራርቀው ዐሥር ዐሥር ይገባሉ። ውሃው በኃይል ሲፈላና እንፋሎቱ ሲበረታ ተጥዶ በስድስት ደቂቃ ይደርሳል። እንዲህ ሠላሳ ሠላሳ እያልን በዐሥር ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ፣ ሦስት መቶው ተፈጸመ። ከእሳት ሲወርድም አንድ ደቂቃ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ያን ጊዜ ልብሱ ይጠነክራል፣ ይጠራልም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የመጋቢት መስቀል ዕለት ነበረ። እንግዶቹ መግባት ሲጀምሩ ፖ ፖ ምግቡ የሚጠቀስበትን ኮምጣጤና የአኩሪ አተር ውሃ በትንንሽ ሳህን ያቀርቡ ነበር። ያን ነጭ ምግብና ያን ጥቁር ውሃ አይቼ የእናቴ ድግስ መሆኑ ጠፋብኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ከሣጥኔ ውስጥ ያን ከረጢት አወጣሁ። ጥቂት ቆሜ ነበር። ከዚያ ፈታሁትና ግማሹን በውሃ፣ በጨውና በዘይት ለውሼ አዋዜ አደረግሁት። ሽታው ቤቱን በሞላው ጊዜ፣ መርዶ ከነገሩኝ ሽማግሌዎች አንዱ የያዙትን ሳህን አስቀምጠው «የእናትሽ ነው?» አሉኝ። አዎን አልሁ። እርሳቸውም ፊታቸውን ሸፍነው ድምፃቸውን አሰምተው አለቀሱ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ እኔም ያን ጊዜ፣ ከአርባ ቀን በኋላ፣ እንደ አገሬ ሰው አለቀስሁ። አፌን የምሸፍንበት ነጠላ አላስፈለገኝም። ፖ ፖና ባልንጀራቸው ከግድግዳው አጠገብ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ጠበቁን።

ልቅሶው ሲያበቃ ተበላ። ከሦስት መቶው የቀረ አልነበረም። ፖ ፖ አዋዜውን በዱላቸው ጫፍ፣ ማለት በመብሊያ እንጨታቸው ጫፍ፣ ቀምሰው እንባቸው ወረደ፤ የካንቶን ሰዎች ምግብ አያቃጥልምና። ሆኖም ደግመው ቀመሱ። ቡና አፍልቼ ስቀዳላቸው ጠረጴዛውን በሁለት ጣቶቻቸው መታ መታ አደረጉ፤ ይኸ በእነርሱ አገር ሻይ ለሚቀዳ ሰው የሚሰጥ ምስጋና ነው።

መጋቢት 19 ቀን፣ በእርሳቸው ቍጥር አርባ ዘጠኝ ቀን ሲሞላ፣ በሬን መቱ። በሰሃን ሰባት ፍሬ ይዘው ነበር። የእናቴን ቀን ቈጥረው ኖረዋል።

እኅቶቼ ሆይ፤ ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት ላካፍላችሁ። ወደ ኀዘንተኛ ቤት የበሰለ ምግብ ይዞ መሄድ መልካም ልማዳችን ነውና አይቅር። ነገር ግን ሣልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። ምስርም ይሁን፣ ሊጥም ይሁን፣ የሚፈተል ጥጥም ይሁን፣ በሰፌድ አድርጋችሁ ከኀዘንተኛዋ ጋር ተቀመጡና እጇን እጃችሁ አጠገብ አድርጉላት፤ ስለ ሟቹም ጠይቋት። ኀዘን የደረሰባችሁም ብትሆኑ፣ እኔ እንዳደረግሁት ብቻችሁን ለመወጣት አትታገሉ። ስንት እጅ አለ ብሎ የሚጠይቃችሁ ጎረቤት ሲመጣ በሩን ክፈቱለት።

የቀረው የበርበሬ ግማሽ ዛሬም አለኝ። ወደ አገሬ ከተመለስሁ ወዲህ በየዓመቱ በየካቲት 1 ቀን ጥቂት እያነሣሁ አዋዜ አደርገዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም መጥተው ያን ነጭ ምግብ ከእኔ ጋር ያጥፋሉ። ሰባት ሽንሽን የማያወጣ በመካከላችን የለም።